ሁለት ጊዜ የተያዘ አልጋ

አንዲት መምህርት ነበረች፣ ቡታጅራ ከተማ የምታስተምር። እውነተኛ ስሟን አልነግራችሁም፤ ለዛሬ እቴነሽ እንበላት። የምታስተምረው ጂኦግራፊ ነው። በትምህርት ቤቱ ስሟ የሚነሣው ግን በጂኦግራፊ አይደለም። በአልጋ ነው።

አትሳቁ። በአልጋ ነው። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ተማሪዎቹ አገር ለማየት ጉዞ ሲወጡ፣ ለእነዚያ ሁሉ ልጆች ማደሪያ የምትይዘው እሷ ነበረች።

እስቲ ልጠይቃችሁ። አልጋ መያዝ ምን ያህል ሥራ ነው? ለራሳችሁ ከሆነ ምንም አይደለም፤ በመሸበት ቦታ ገብታችሁ ታድራላችሁ። የሰው አደራ ይዛችሁ ስትሄዱስ? እናት ከቤቷ አውጥታ፣ ቦርሳውን አስይዛ፣ "አደራ" ብላ የሰጠቻችሁን ልጅ የት ታስተኛላችሁ?

እቴነሽ ይህን ጥያቄ እንደ ቀልድ አታየውም ነበር። ጉዞው ሳይደርስ ቀድማ ብቻዋን ትሄዳለች። ሆቴሉ ገብታ ጫማዋን አውልቃ ፍራሹ ላይ ጋደም ትላለች። ቧንቧውን ከፍታ ውሃው እስኪጠራ ትጠብቃለች። በሩን ከውስጥ ቆልፋ ትከፍታለች፣ ከውጭ ቆልፋ ትከፍታለች። ምድር ቤት ያለው መጠጥ ቤት ቅዳሜ ሙዚቃ ይከፍት እንደሆነ አስተናጋጆቹን እየዞረች ትጠይቃለች። ሴቶቹን ልጆች በሙሉ አንድ ፎቅ ላይ ታደርግና የራሷን አልጋ ደረጃው አጠገብ ባለው ክፍል ትይዛለች። ሲመሽ ደረጃው አናት ላይ ወንበር አውጥታ፣ ሳቁና ሹክሹክታው ጸጥ እስኪል ትቀመጣለች። የዚያ ወንበር ነገር አይነሣ። ሌላ መምህር "ትንሽ ልተካሽ" ቢላት ትቆጣለች።

በየከተማው ያሉ ባለሆቴሎች ያውቋታል። ገና ከበር ስትገባ "የልጆቹ እናት መጣች" ይላሉ። ይህን ስትሰማ ፊቷ ይበራል። ወገኖቼ፣ ይህች ሴት አላገባችም፣ አልወለደችም። እናት የምትባለው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዚያ ጉዞ ላይ ብቻ ነበር።

ይህን ልብ በሉልኝ። መጥፎ ሴት አይደለችም። ስለ መጥፎ ሴት ላወራችሁ አልቆምኩም።

ከዕለታት አንድ ቀን አዲስ ርዕሰ መምህር መጣ። እሱም ክፉ ሰው አይደለም፤ አዲስ ነው እንጂ። ቢሮው አስጠርቶ አመሰገናት። ብዙ ደክመዋል፣ ዘንድሮ ይረፉ አላት። ዝግጅቱን መምህርት ረድኤት ትያዘው፣ እርስዎ እንግዳ ሆነው ከልጆቹ ጋር ይሂዱ አላት።

እንግዳ አላት። አያችሁ? በምስጋና ጠቅልሎ ነው የሰጣት። እቴነሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላ ወጣች። ደረጃው ጋ ስትደርስ ግን የመደገፊያውን ብረት ይዛ ቆመች።

ረድኤት ማናት? ወጣት የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። በዚያው ትምህርት ቤት የተማረች፣ በልጅነቷ በእቴነሽ ጉዞዎች የተጓዘች። መምህርት ሆናም እቴነሽን የምትጠራት "ቲቸር" እያለች ነው። ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ሰላም ብላት አታውቅም።

እንግዲህ ቅናት በየት በኩል እንደሚገባ ተመልከቱ። ረድኤት ስታሳፍራት አልገባም፤ አላሳፈረቻትማ። ረድኤት ሥራውን ጥሩ አድርጋ ስትሠራው ገባ።

ልጅቷ አርባ ምንጭ ድረስ መሄድ አላስፈለጋትም። መምህራን ክፍል ተቀምጣ ስልኳን አወጣች፤ አቶ ሻንካ የሚባል የአርባ ምንጭ ባለሆቴል በቪዲዮ ክፍል ለክፍል እየዞረ አልጋውን፣ መታጠቢያውን፣ በመስኮት የሚታየውን ሐይቅ ሁሉ አሳያት። የቀሩት መምህራን ከኋላዋ ተሰብስበው "ውይ፣ ደስ ሲል" አሉ። እቴነሽ ጥግ ላይ የተማሪ ፈተና እያረመች ነበር። ቀና አላለችም። አንዱን ወረቀት ግን ደጋግማ አረመችው።

ቀጥሎ ፎቶዎቹ በወላጆች ቴሌግራም ላይ ተለቀቁ። አንዲት እናት "እንዲህ ያለ ዝግጅት አይተን አናውቅም፤ ተባረኪ ቲቸር ረድኤት" ብላ ጻፈች። አይተን አናውቅም! የዚህችን እናት ትልልቅ ልጆች በየጉዞው ያስተኛቸው ማን ነበር? አንደኛው ሲያተኩሰው ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ እየቀያየረ ከአጠገቡ ያልተነሣው ማን ነበር? እቴነሽ ያቺን አንዲት መስመር ባጃጅ ውስጥ አነበበቻት፤ ቤቷ ገብታ ምሳ አቅርባ አነበበቻት፤ ምሳው ቀዘቀዘ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለ ረድኤት መልካም ነገር በሰማች ቁጥር ከቤቷ ዕቃ የተሰረቀባት ይመስላት ጀመር። ረድኤት ስትስቅ፣ በእኔ ነው የምትስቀው ትላለች። ረድኤት ዝም ስትል፣ ንቃኝ ነው ትላለች። ረድኤት ሻይ ስትጋብዛት፣ ልታባብለኝ ነው ትላለች። ታዲያ ረድኤት ምን ታድርግ? እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ታድርግ?

ጸሎቷም ተበላሸ። አንድ ማለዳ ተንበርክካ ስለ ልጆቹ መንገድ ስትጸልይ፣ "ጌታ ሆይ፣ የሆቴሉ ውሃ ይጥፋ" ስትል ራሷን ሰማች። ደንግጣ ተነሣች። ተመልሳ ግን አላስተካከለችውም።

አትፍረዱባት። እናንተስ በጉባኤ መካከል እጃችሁን ዘርግታችሁ፣ በልባችሁ የማንን ውሃ አስጠፍታችኋል?

እስካሁን ያለው በልቧ ብቻ ነው። ቀጥሎ ግን ነገሩ ከልብ ወጣ።

ጉዞው ሲቃረብ ረድኤት ወደ እሷ መጣች። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና ያደረገችውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻት። ሴቶቹ ላይኛው ፎቅ ናቸው፣ ወንዶቹ ምድር ቤት፤ ቁርሱ ይህ ነው፣ መግቢያው የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ ነው። ሁሉን ተናግራ ስትጨርስ፣ "ቲቸር፣ የረሳሁት ነገር ይኖር ይሆን?" አለቻት።

የረሳችው ነገር ነበር። የዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን የሰርግ ሰሞን ነው። በሰርግ ሰሞን በስልክ ብቻ የተያዘ አልጋ አልተያዘም። የሩቅ ዘመድ በሚኒባስ እየተጫነ ሲወርድ፣ ባለሆቴል የሚያስተናግደው ፊቱ የቆመውን ሰው ነው። እቴነሽ ይህን ታውቅ ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ በዚያው ከተማ ከሚኖሩ ከምታውቃቸው ሰዎች አንዱን ቀድሞ ሄዶ የክፍሎቹን ቁልፍ እንዲቀበልላት ታደርግ ነበር። ቁልፉ እጅ ካልገባ አልጋ ይዣለሁ አትልም።

ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። "ሰሞኑ ሰርግ ነው፤ ቁልፍ የሚቀበልሽ ሰው ፈልጊ" ማለት ብቻ። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

"ምንም አልረሳሽም" አለቻት። "አንቺማ ታውቂበታለሽ።"

ረድኤት ተነሥታ ጉንጯን ሳመቻት። ደስ ብሏት ወጣች።

ሁላችሁም ይህ ይበቃል ትላላችሁ። ቅናት ግን በዝም ማለት አይጠግብም። የሌላው መውደቅ ብቻውን አይበቃውም፤ እሱ መነሣት አለበት። እቴነሽ ልጆቹን ትወዳቸዋለች፣ ሜዳ ላይ እንዲያድሩ አትፈልግም። ሜዳ ላይ እንድትቆም የምትፈልገው ረድኤትን ነው። ስለዚህ ምን አደረገች? ቤቷ ገብታ በሩን ዘግታ፣ አርባ ምንጭ የድሮ ደንበኛዋ ወደሆነችው ባለሆቴል፣ ወደ ወይዘሮ ዓለሚቱ ደወለች። የትምህርት ቤቱ ልጆች ቅዳሜ ይመጣሉና አልጋ ያዢልኝ አለቻት። ለማንም ግን እንዳትነግሪ ብላ አስጠነቀቀቻት።

ከዚያ በኋላ በልቧ ቲያትር ትሠራ ጀመር። ልጆቹ ቦርሳቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ይታይዋታል። ረድኤት ስልኳን እያገላበጠች ታለቅሳለች። መምህራኑ እርስ በርስ ይተያያሉ። ያን ጊዜ እቴነሽ ቀስ ብላ ወደ ፊት ትወጣና "ልጆች፣ ተከተሉኝ" ትላለች። ድምፅዋን አታነሣም። በትሕትና ነው የምትለው። ዕቃ እያጠበች በትሕትና እንዴት እንደምትለው ትለማመድ ነበር።

የራሷን ሕግ ግን ረሳች። ነገሩን ደብቃ የያዘችው ስለሆነ፣ ቁልፍ የሚቀበልላት ሰው መላክ አልቻለችም።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሡ። ልጆቹ ከሆሳዕና ሳይደርሱ ድምፃቸው እስኪዘጋ ዘፈኑ። አንዲት ትንሽ ልጅ መንገዱ አልስማማ ብሏት ሲያስመልሳት ዋለ፤ እቴነሽ ጭኗ ላይ አስተኝታ ትደግፋት ነበር። ስልኳን ዘግታዋለች። ለምን? ዓለሚቱ ብትደውልና ረድኤት ብትሰማስ? ረድኤት ከፊት ወንበር ተቀምጣ አቶ ሻንካ ጋ ትደውላለች፤ አይነሣም። ሶዶ ላይ ደወለች፤ አይነሣም። ፊቷ እየገረጣ ሄደ። እቴነሽ ከኋላ ሆና ይህን አየች። ልንገራችሁ? ደስ አላት። የታመመች ልጅ ፀጉር እየደባበሰች ደስ አላት።

አርባ ምንጭ ሲደርሱ ፀሐይ ወደ ተራራው እያዘቀዘቀች ነበር። በአቶ ሻንካ ሆቴል ግቢ ውስጥ አበባ የተለጠፈባቸው መኪኖች ቆመዋል። በየመስኮቱ የሰርግ ልብስ ተሰቅሏል። ሰውየው ወጣና ልጆቹን ሲያይ ደነገጠ። ከዚያ ፊቱን አኮሳተረ።

ረድኤትን፣ ትታችሁኝ ሄዳችሁ የለም ወይ አላት። ትናንት የሙሽራው አጎት ለእንግዶቹ አልጋ ፍለጋ መጥቶ ነበር፣ የቡታጅራ ተማሪዎች ይዘውታል ብዬ መለስኩት አላት። የሙሽራው አጎት ግን የመጣው ከወይዘሮ ዓለሚቱ ዘንድ ነው፤ እሷም የቡታጅራ ተማሪዎች ይዘውታል ብላ መልሳዋለች። አንድ ትምህርት ቤት በሁለት ሆቴል ያድራል እንዴ ብሎ ሳቀብኝ አላት። አቶ ሻንካ የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይነግሩት ወደ ዓለሚቱ ሄደዋል። ተናደደ፣ ማታውን ክፍሎቹን ለሌላ ሰርገኛ ሰጠ፣ የረድኤትንም ስልክ ሆን ብሎ አላነሣም። እሱም ቀንቶ ነበር፤ ቅናት በትምህርት ቤት ብቻ የሚኖር እንዳይመስላችሁ።

ረድኤት ምንም አልገባትም። ስልኳን እያገላበጠች እንባዋ መጣ። ልጆቹ ቦርሳቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ። መምህራኑ እርስ በርስ ተያዩ። ልክ በልቧ እንደሠራችው ነበር፤ አንድም የጎደለ የለም።

እቴነሽም ቀስ ብላ ወደ ፊት ወጣች። "ልጆች፣ ተከተሉኝ" አለች። በትሕትና።

በእግር ሄዱ። ያቺ የታመመች ልጅ በእቴነሽ ክንድ ተደግፋለች። አቶ ሻንካ ደግሞ ነገሩ አልዋጥለት ብሎ ከኋላ ይከተላል። እቴነሽ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የምትሄደው። ያቺ መንገድ አጭር ናት፤ በሕይወቷ እንደዚያች መንገድ የጣማት ግን የለም።

የወይዘሮ ዓለሚቱ ግቢም አበባ በተለጠፈባቸው መኪኖች ተሞልቷል።

ወይዘሮ ዓለሚቱ በሩ ላይ ስታያቸው እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "እቴነሽ፣ ምነው ስልክሽን ዘጋሽው!" አለች። ለካ የሙሽራው አጎት ከአቶ ሻንካ ዘንድ ሲመለስ፣ እዚያም በስማቸው አልጋ ተይዟል፣ አንዲት መምህርት በዚህ ሳምንት ራሷ ደውላለች ብሎ ነግሯት ነበር። ሴትየዋ አሰበች፤ አንዷ በግልጽ በትምህርት ቤቱ ስም ይዛለች፣ ሌላዋ "ለማንም አትንገሪ" እያለች ይዛለች። የትኛው ነው እውነተኛው? ለማረጋገጥ እቴነሽ ጋ ደወለች፤ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፤ ዝግ ነው። እንግዲያው ሻንካ ጋ ናቸው ብላ እሷም ክፍሎቹን ለሰርገኛው ሰጠች።

አያችሁት? ሁለቱም ባለሆቴሎች ልጆቹ ሌላኛው ጋ ናቸው ብለው አመኑ። ሁለት ጊዜ የተያዘው አልጋ ሁለት ጊዜ ጠፋ። ረድኤትን ያጋለጣት ሰርጉ አይደለም። እቴነሽ ባትደውል ኖሮ አቶ ሻንካ ሰርገኛውን መልሶ፣ ልጆቹን ተቀብሎ፣ አሁን እራት ያቀርብላቸው ነበር።

እቴነሽ ይህን ሰማች። ክንዷ ላይ ያለችው ልጅ "ቲቸር፣ የት ነው የምንተኛው?" አለቻት። የልጆቹ እናት ልጅቷን ጠበቅ አድርጋ ደገፈቻት።

አቶ ሻንካ ግን ዝም አላለም። ስሙ ተነክቷላ። በልጆቹና በመምህራኑ ሁሉ ፊት፣ "እሺ፣ ከእኔ ደብቆ እዚህ የደወለው ማን ነው?" አለ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ወደ እቴነሽ ዞረች። አፏን ከፈተች። ከዚያች አንዲት ቃል በኋላ እቴነሽ ቡታጅራ ውስጥ ቀና ብላ የምትሄድበት መንገድ አይኖራትም።

"እኔ ነኝ" አለች ረድኤት።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

"አንዱ ቢቀር በሌላው እንገባለን ብዬ፣ እንዲደውሉልኝ ቲቸርን የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ለእርስዎ ሳልነግርዎት ቀረሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ።"

አቶ ሻንካ ወረደባት። ልጄ፣ ይህ ሥራ አይደለም፤ በሰው እንጀራ አይቀለድም አላት። መምህራኑም አጉረመረሙ። አንዷ ስልኳን አውጥታ መጻፍ ጀመረች፤ ወላጆች ቴሌግራም ላይ እየጠየቁ ነበር። ረድኤት አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ተቀበለች። ወደ እቴነሽ ዘወር ብላ እንኳ አላየችም።

ልጆቹስ? ልጆቹን እግዚአብሔር አልረሳቸውም። የሙሽራው አጎት ጫጫታውን ሰምቶ ወጣ። ነገሩን ሲረዳ፣ የሰው ልጆች ደጅ ላይ ቆመው እኛ ሰርግ አንደግስም አለ። የሰርግ እንግዶቹን ክፍል ውስጥ አጨናነቃቸው፣ የተረፈውን ፍራሽ በወይዘሮ ዓለሚቱ የምግብ አዳራሽ አስነጥፎ ለሴቶቹ ሰጠ፣ ወንዶቹን ለነገው ድግስ በተጣለው ዳስ ውስጥ አሳደራቸው። ሁሉንም ከድግሱ አበላቸው። ልጆቹ አዞ አይተዋል፣ ዶርዜ ወጥተዋል፤ ዛሬም ብትጠይቋቸው የሚያወሩት ግን ስለዚያ ዳስ ብቻ ነው።

እቴነሽና ረድኤት አዳራሹ ውስጥ ፍራሽ ሲያነጥፉ ብቻቸውን ቀሩ። እቴነሽ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ይዛለች፣ ረድኤት ሌላውን። በመጨረሻ እቴነሽ፣ "ለምን?" አለች።

"ሐዋሳ የሄድን ጊዜ ትዝ ይልዎታል?" አለች ረድኤት።

እቴነሽ ሐዋሳ ብዙ ጊዜ ሄዳለች። ትዝ አላላትም።

ረድኤት ነገረቻት። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች። ከቤት ውጭ አድራ አታውቅም፣ ፈርታ ፍራሹን አረጠበችው። ጠዋት የሆቴሉ ሠራተኛ አንሶላ ሲሰበስብ አይቶ፣ ማን ነው ይህን ያደረገው ብሎ ኮሪደሩ ላይ ይጮህ ጀመር። ልጆች ሁሉ ከየክፍላቸው ወጡ። ረድኤት በር ጥግ ቆማ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እያለች ነበር።

"ያን ጊዜ እርስዎ መጡ" አለች። "'ጠርሙስ ሙሉ ውሃ የደፋሁበት እኔ ነኝ' አሏቸው። ሰውየው ተቆጣዎት፣ ልጆቹም ሳቁብዎት። እርስዎ ግን ወደ እኔ ዘወር ብለው እንኳ አላዩኝም። ካዩኝ ልጆቹ ያውቁብኛላ።"

አንሶላውን ዘረጋችና እጥፋቱን በእጇ አስተካከለች። "ቲቸር፣ እኔ መምህርት የሆንኩት ያን ዕለት ነው" አለች።

እቴነሽ ያንን ቀን ረስታዋለች። አድርጋው ረስታዋለች! ያቺ እናት ቴሌግራም ላይ የጻፈቻትን መስመር ግን በቃሏ ትወጣታለች። ቅናት እንዲህ ያደርጋል። የዘራችሁትን ሁሉ ያስረሳችሁና የተወሰደባችሁን ብቻ ያስቆጥራችኋል። ለካ ያቺ ሴት እስከዚያ ድረስ ስትቀናበት የኖረችው በገዛ ሰብሏ ነበር።

በማግስቱ ልጆቹ ቁርስ ላይ ተቀምጠው ሳለ ርዕሰ መምህሩ ደወለ። ወሬውን ከወላጆች ሰምቷል። እቴነሽን አቅርቡልኝ አለ። ይቅርታ ጠየቃት። ሥራውን ለልጅቷ መስጠቴ ስሕተት ነበር፣ ከእንግዲህ ጉዞው ወደ እርስዎ ተመልሷል፣ ማንም አይነካብዎትም አላት።

የምትፈልገው ይህ አልነበረም ወይ? የቀናችው፣ የዋሸችው፣ በልቧ ቲያትር የሠራችው ለዚህ አልነበረም? ይኸው በእጇ ገባ። ዝም ብትል የእሷ ነው። ከትምህርት ቤቱ የሚያውቅባት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ለልጆቹ ሻይ እየቀዳች፣ እንዳልሰማ ሆና ጀርባዋን ሰጥታለች።

እቴነሽ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

"እሷ አልነገረችኝም፣ አልለመነችኝምም" አለች። "ከእሷ ደብቄ የደወልኩት እኔ ነኝ። ሰርግ መሆኑንም አውቅ ነበር፤ ስትጠይቀኝ ደበቅኳት። እንድትወድቅ ፈልጌ ነው።"

የሻዩ መቅጃ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። መምህራኑ ማንኪያቸውን እንደያዙ ቀሩ። ርዕሰ መምህሩ፣ ስትመለሱ እንነጋገራለን ብሎ ዘጋው። ከባድ ንግግር ሆነ፤ ወላጆችም ፊት ቆማ ይቅርታ ጠየቀች። በቴሌግራም ላይም ምን እንዳሏት እኔ አልደግመውም።

በቀጣዩ ዓመት አልጋውን የያዘችው ረድኤት ናት። ቀድማ ሄዳ ቁልፉን የተቀበለችው ግን እቴነሽ ናት፤ ይህን የለመነቻት ረድኤት ናት። በዚያ ጉዞ የነበረ ሰው እንደነገረኝ፣ ማታ በሴቶቹ ፎቅ ደረጃው አናት ላይ ሁለት ወንበር ነበር።

ወገኖቼ፣ እኔ ሆቴል ላስተምራችሁ አልመጣሁም። እናንተን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።

ቦታችሁን የያዘው ማን ነው? በመዘምራን መካከል የእናንተን መሥመር የሚዘምረው፣ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛችሁ ላይ የተቀመጠው፣ አማቶቻችሁ ከእናንተ ይልቅ ስሙን የሚጠሩት ማን ነው? እስቲ ያንን ፊት አሁን በልባችሁ እዩት። መጥቶላችኋል አይደል?

ያ ሰው ምናልባት ከእናንተ የተማረ ነው። ምናልባት አንድ ቀን አንሶላውን የሸፈናችሁለት ነው። እናንተ ረስታችሁት ይሆናል፣ እሱ ግን አልረሳም። እግዚአብሔር በእጃችሁ ያሳደገውን እንዴት በእጃችሁ ትገፉታላችሁ? ስሙ ሲነሣ ሆዳችሁን የሚያቃጥላችሁ ምናልባት የገዛ ድካማችሁ ፍሬ ነውኮ።

ደግሞ ይህን አስቡ። አንድ ቀን ወደ እናንተ መጥቶ "የረሳሁት ነገር አለ?" ብሎ ጠይቋችሁ ነበር። ታውቁ ነበር። ምላሳችሁ ጫፍ ላይ ነበር። "ምንም አልረሳህም" አላችሁት፣ ፈገግ ብላችሁ። እሱም አመስግኗችሁ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሲደውል ስልካችሁን ዘግታችሁ ተቀምጣችኋል፣ ሲወድቅ የምትሰሙትን ወሬ እየጠበቃችሁ። ስንት ልጆች ቦርሳቸውን ይዘው በዚያ ሰው ጀርባ እንደቆሙ ግን አላሰባችሁም። የቅናት ዕዳ ቀድሞ የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነው።

መንገዱ ገና አልመሸም። ከዚህ ስትወጡ፣ ገና ግቢው ውስጥ ሳላችሁ፣ ያን የዘጋችሁትን ስልክ ክፈቱት። ደውሉለት። ሰላምታ አታብዙ፣ ሰበብም አትፈልጉ። "ያን ጊዜ ስትጠይቀኝ ያልነገርኩህ ነገር አለ" በሉት፤ የያዛችሁበትንም ቁልፍ ስጡት።